ጄት ፈልጎ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የተከራየ ቤተሰብ፦ የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ነው። ስምንት ሰዎች ተራራማ አካባቢ ወዳለች ትንሽ ከተማ ለሠርግ መሄድ ነበረባቸው። ርቀቱ በአየር 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከስምንቱ አንዷ የሙሽራው አያት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ሠራተኞች ናቸው፤ ከአራት ቀን በላይ ከሥራ መቅረት አይችሉም።

መደበኛው አየር መንገድ ወደዚያች ከተማ አካባቢ የሚበረው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ያውም መሸጋገሪያ ላይ አድሮ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል የመኪና መንገድ አለ። ሙሉውን መንገድ በመኪና መሄድ ለአያትየዋ የሚታሰብ አልነበረም።

ከቤተሰቡ አንዱ “ተዋጥተን ትንሽ ጄት ብንከራይስ?” አለ። መጀመሪያ ሁሉም ሳቁ። የስምንት ሰው ትኬት፣ የመሸጋገሪያ ሆቴልና የመኪና ኪራይ ሲደመር ግን ነገሩ የቀልድ አልሆነም። የአውሮፕላን ኪራዩ አሁንም ይበልጣል። ልዩነቱ ለስምንት ሲካፈል ግን የፈሩትን ያህል አልነበረም። እኔን ማስተባበሩን እንድረዳቸው ጠየቁኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ቤተሰቡ ለሦስት ወገኖች አንድ ዓይነት መልእክት ላከ፦ “ለስምንት ሰው የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ ጄት እንፈልጋለን።” መልሱ በፍጥነት መጣ። ችግሩ እርስ በርስ ሊነጻጸር አለመቻሉ ነው። አንዱ ደላላ የጻፈው የሰዓት ዋጋ ብቻ ነው። ሌላው ጠቅላላ ዋጋ ሰጠ፤ ምን ምን እንደሚያካትት ግን አልተናገረም። ሦስተኛው የራሱ አውሮፕላን ያለው ግለሰብ ነበር። የእሱ ዋጋ ከሌሎቹ በግማሽ ያንስ ነበር።

መልሱን ያበላሸው ጥያቄው ራሱ ነው። ትንሽ አውሮፕላን ሲከራዩ የሚገዛው መቀመጫ አይደለም፤ የመሸከም አቅም፣ የሚያርፍበት ማኮብኮቢያና የበረራ ሰዓት ነው። ስምንት መቀመጫ ስላለው ብቻ ስምንት ጎልማሳ ከነሻንጣውና ከሙሉ ነዳጅ ጋር ይዞ ይነሳል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይህን አይችሉም። ነዳጅ ሲሞላ የሰውና የዕቃ ክብደት ይቀነሳል። ሰው ሲሞላ ነዳጅ ይቀነሳል፤ ያኔ የሚደረስበት ርቀት ያጥራል፣ ምናልባትም መንገድ ላይ ወርዶ መቅዳት ይመጣል። እያንዳንዱ ማረፍ ደግሞ የራሱ ክፍያ አለው።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ቆመና የአንድ ገጽ መግለጫ ተዘጋጀ። የእያንዳንዱ ሰው ክብደት፣ የሻንጣ ብዛትና ዓይነት፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ የትኛው ሰዓት ሊገፋ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ተጻፈበት። አንዲት ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው አዛውንት እንዳሉም ተጠቀሰ። ኪሎ መጠየቁ አንዳንዶቹን አሳፍሯቸው ነበር። በቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ ኪሎውን የሚጽፍ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ሁሉም ለአንዲት የእህት ልጅ ለብቻዋ እንዲነግሯት ተደረገ፤ እሷ ደምራ አቀረበችው።

ያው ገጽ ለሁሉም ተላከ። ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ የተለየ ነበር።

ማኮብኮቢያው ወሰነ

ሠርጉ ካለባት ከተማ 20 ደቂቃ ርቀት ላይ ትንሽ የአየር ማረፊያ አለች። ቤተሰቡ ስለ እሷ ምንም አያውቅም ነበር፤ ትልልቅ አውሮፕላኖች ስለማያርፉባት የትኬት መሸጫ ገጾች ላይ አትታይም። ማኮብኮቢያዋ 1,200 ሜትር ነው። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ሲሆን የማታ መብራት የላትም።

ለቡድኑ መጀመሪያ የቀረበው ጄት ኤምብራየር ፌኖም 300 ነበር። ጥሩ አውሮፕላን ነው፤ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። እዚህ ግን አልሆነም። በብዙ አገሮች የንግድ በረራ ሕግ ጄት አውሮፕላን ካለው ማኮብኮቢያ 60 በመቶ ውስጥ አርፎ መቆም እንደሚችል አስቀድሞ በሂሳብ መረጋገጥ አለበት። ቀሪው 40 በመቶ መጠባበቂያ ነው። የ1,200 ሜትር 60 በመቶ 720 ሜትር ነው። ፌኖም 300 ስምንት ሰው ይዞ፣ በዚያ ከፍታ ላይ፣ በ720 ሜትር ውስጥ አይቆምም። በፕሮፔለር ለሚሠሩ የተርባይን አውሮፕላኖች ደግሞ መጠኑ 70 በመቶ ነው፤ ማለትም 840 ሜትር።

ከፍታው ለምን ለውጥ ያመጣል? ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ይሳሳል። ሙቀት ሲጨመርበት የባሰ ይሳሳል። የሳሳ አየር ለክንፍ የሚሰጠው ድጋፍ ያንሳል፣ ሞተሩም የሚያገኘው አየር ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንገድ መሮጥ አለበት። ሲያርፍም መሬት የሚነካው በበለጠ ፍጥነት ስለሆነ ለመቆም ይርቀዋል።

ሁለተኛው ኦፕሬተር፣ ማለትም አውሮፕላኑን የሚያበረው ኩባንያ፣ ያቀረበው ፒላተስ ፒሲ-12 ነው። በስዊዘርላንድ የሚሠራ፣ አንድ ሞተር ያለው፣ ከፊቱ ፕሮፔለር የሚሽከረከር አውሮፕላን ነው። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ለአጭር፣ ጠጠር ለሆነ ማኮብኮቢያም ጭምር የተሠራ ነው። ቤተሰቡ ሥዕሉን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። “ይሄማ ጄት አይደለም!” አለ ሐሳቡን ያመጣው ሰው።

እውነቱን ነው፤ ጄት አይደለም። ሰዓቱን ሲቆጥሩ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጄቱ 650 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ሩቅ ካለው ትልቁ አየር ማረፊያ ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና። ፒሲ-12 አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ከዚያ 20 ደቂቃ በመኪና። በአየር ላይ የሚጠፋው 25 ደቂቃ፣ በመሬት ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ያተርፋል። አጭር ርቀት ላይ የጄት ፍጥነት የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ገና ከፍታውን ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራላ!

የአንድ ሞተር ፍርሃት

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ወሰደ። ሦስት ሰዎች “ሞተሩ ቢጠፋስ?” ብለው እግራቸውን ተከሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በማባበል የሚታለፍም አይደለም።

የተሰጣቸው መልስ የሚከተለው ነበር። ፒሲ-12 የሚጠቀመው ፒቲ6 የተባለውን የፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ተርባይን ሞተር ነው። ይህ የሞተር ቤተሰብ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ሲሆን በብዙ ዓይነት አውሮፕላኖች ላይ ይገኛል። አውሮፓ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች በሌሊትና በደመና ውስጥ ለክፍያ መንገደኛ እንዲጭኑ በጥቅሉ አትፈቅድም ነበር። በዚያ ዓመት ለተርባይን ሞተሮች በቅድመ ሁኔታ ፈቀደች። ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ የሞተሩን ጤንነት በተከታታይ መከታተል ነው። አውሮፕላኑ ከ9 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንሸራተት ይችላል።

ይህን ሰምተው ሁለቱ ተረጋጉ። አንዱ አልተረጋጋም፤ ሁለት ሞተር ያለውን ኪንግ ኤር አስመርምሮ ዋጋውን ሲያይ ግን ዝም አለ። በዚህ መሃል ቤተሰቡ አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ፦ ሁለት አብራሪ። ፒሲ-12ን አንድ አብራሪ ብቻውን እንዲያበረው ይፈቀዳል። ኦፕሬተሩ ሁለተኛ አብራሪ ለመመደብ ተስማማ፤ ይህም በውሉ ላይ ተጻፈ። በእኔ ግምት ለፍርሃቱ ትክክለኛው መልስ ይሄ ነበር። በተራራ መሃል፣ በማያውቁት አጭር ማኮብኮቢያ ላይ የሁለተኛ ሰው ዓይን ከሁለተኛ ሞተር ያላነሰ ዋጋ አለው።

በግማሽ ዋጋ የመጣው ሰው

አሁን ወደ ግለሰቡ ልመለስ። ዋጋው ያጓጓል። “ኪራይ አይደለም፣ የነዳጅ ወጪ ትጋሩኛላችሁ” ነው ያለው። ጓደኛው ፓይለት እንደሆነና ብዙ ሰው እንዳመላለሰም ነገራቸው።

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። መንገደኛን በክፍያ የሚያጓጉዝ ማንኛውም ሰው የአየር ኦፕሬተር ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል። ይህ የአንድ አገር ሕግ ብቻ አይደለም፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በአባሪ 6 ላይ ያስቀመጠው መስፈርት ነው። ሰርተፍኬቱ ካለ የአብራሪዎች ሥልጠናና የእረፍት ሰዓት፣ የጥገና መርሐ ግብር፣ የመንገደኛ መድን በባለሥልጣን ቁጥጥር ስር ናቸው ማለት ነው። ከሌለ ግን አውሮፕላኑ የግል ነው። አደጋ ከደረሰ የመድን ድርጅቱ “በረራው ሕገወጥ ነበር” ብሎ እጁን ሊያጥብ ይችላል።

በጥር 2019 እ.ኤ.አ. የእግር ኳስ ተጫዋቹ ኤሚሊያኖ ሳላ የሞተበት አደጋ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲያደርሰው የነበረው ፓይፐር ማሊቡ የግል አውሮፕላን ነበር። አብራሪው መንገደኛ በክፍያ ለማጓጓዝ የሚያበቃ ፈቃድ አልነበረውም፤ በሌሊት ለመብረርም ብቁ አልነበረም። በረራው ግን የተደረገው በማታ ነው። ያንን በረራ ያደራጀው ሰው በ2021 ጥፋተኛ ተብሎ 18 ወር እስራት ተፈርዶበታል።

ግለሰቡ የሰርተፍኬት ቁጥር ሲጠየቅ መልሱ “ምን ያደርግላችኋል?” የሚል ሆነ። ንግግሩም እዚያው ላይ አበቃ።

ለቀሩት ሁለቱም ተመሳሳይ ጥያቄ ቀረበ። አውሮፕላኑን በትክክል የሚያበረው ኩባንያ ማን ነው? ደላላ አውሮፕላን የለውም፤ የሚያገናኝ ብቻ ነው። የሰርተፍኬቱ ቁጥር ስንት ነው? የአውሮፕላኑ የምዝገባ ቁጥርስ በዚያ ሰርተፍኬት ስር ተዘርዝሯል? የመድን ማስረጃ ቅጂ ይላካል? ቤተሰቡ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑን ዝርዝር አመሳከረ። እንደ አርገስና ዋይቨርን ያሉ የግል ገምጋሚዎች የሚሰጡት ደረጃም አለ። ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ሰርተፍኬቱን ግን አይተካም።

ሂሳቡ

ቻርተር፣ ማለትም ሙሉ አውሮፕላን መከራየት፣ እንደ ኮንትራት ታክሲ ነው። ሦስት ሰው ቢሳፈርም አራት፣ ሂሳቡ የመኪናው ነው። ይህ ግልጽ ቢመስልም ቤተሰቡን ሊያጣላ ምንም አልቀረውም ነበር። ውሉ ከተፈረመ በኋላ አንድ ሰው “አልመጣም” አለ። ድርሻውን ማን ይክፈል? ደግነቱ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት ሁሉም የተስማሙበት አጭር ጽሑፍ ነበር፦ የቀረ ሰው ወይ ድርሻውን ይከፍላል፣ ወይ የሚተካውን ሰው ያመጣል። እሱም አንድ የአክስት ልጅ ተካ፤ ነገሩ በዚያው በረደ። አዲሱ ሰው ከቀረው በኪሎ ይበልጥ ስለነበር ለኦፕሬተሩ ወዲያው ተነገረው።

ትልቁ የዋጋ ጥያቄ ግን አውሮፕላኑ በመሃሉ የት ይዋል የሚለው ነበር። ቤተሰቡ አራት ቀን ነው የሚቆየው፣ ሦስት ሌሊት ያድራል። ሁሉም ሰው አውሮፕላኑ እዚያው ቢጠብቅ ይረክሳል ብሎ ገምቶ ነበር። ኦፕሬተሩ ግን በቀን ቢያንስ የሁለት ሰዓት በረራ ያስከፍላል፤ አውሮፕላኑ ባይንቀሳቀስም። አራት ቀን ሲባዛ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። የአብራሪዎቹ ማደሪያና ምግብ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ ያልፋል። አድርሶ ባዶውን ቢመለስና በአራተኛው ቀን ባዶውን ቢመጣ ግን አራት ጉዞ ሲባዛ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ስድስት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ባዶውን ማመላለስ ረከሰ! ጉዞው ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ቢሆን መልሱ ይገለበጥ ነበር። ይህን ሂሳብ ኦፕሬተሩ ራሱ አያወጣላችሁም፤ ሁለቱንም አማራጭ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንዷ የቤተሰቡ አባል በቅናሽ የሚሸጥ ባዶ በረራ ኢንተርኔት ላይ አግኝታ ነበር። ሌላ ደንበኛ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ አውሮፕላን ማለት ነው። ዋጋው በእርግጥም ይረክሳል። ግን የመጀመሪያው ደንበኛ ቀኑን ከቀየረ የእናንተም በረራ አብሮ ይቀየራል፣ ከሰረዘም ይሰረዛል። ለሽርሽር ይሆናል። ለሠርግ አይሆንም።

የመሄጃው ቀን

ጠዋት ላይ ስምንቱም ከነሻንጣቸው ትንሿ ተርሚናል ተገኙ። ረዳት አብራሪው ሚዛን ይዞ ወጣ። አንድ በአንድ ከነኮታቸው፣ ከነእጅ ቦርሳቸው ተመዘኑ። 72 ኪሎ ነኝ ያለው ሰው 84 ሆኖ ተገኘ፤ ሳቅ ሆነ። አያትየዋ ተራቸው ሲደርስ “ልጄ፣ ከነካፖርቴ ነው ያለ ካፖርት?” አሉት። “ከነሁሉም ነገርዎ ነው እማማ፣ አውሮፕላኑ ካፖርቱንም ይሸከማል” አላቸው። እሳቸውም ከዘራቸውን ይዘው ሚዛኑ ላይ ቆሙ።

የክብደቱ ድምር ከተጻፈው በትንሹ በልጦ ተገኘ። ችግር አልሆነም፤ መጠባበቂያ ተይዞ ነበር። አብራሪው ግን ሁለት ሰዎች ቦታ እንዲለዋወጡ አደረገ። ጠቅላላ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የት እንዳረፈም ይታያል፤ ከኋላ ከከበደ አውሮፕላኑ ሚዛኑን ያጣል።

ለአያትየዋ ቀድሞ የተደረገው ዝግጅት እጅግ ጠቀመ። ትንሽ አውሮፕላን ላይ የሚወጣው ከበሩ ጋር በተያያዘ ጠባብ ደረጃ ነው። የካቢኑ ቁመት 1.47 ሜትር ነው፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ቤተሰቡ የደረጃውንና የካቢኑን ፎቶ አስቀድሞ አስልኮ ለእሳቸው አሳይቷቸው ነበር። ከደረጃው ግርጌ ዝቅ ያለ መርገጫ ተቀመጠ። የልጅ ልጃቸው ከኋላ ሆኖ ደገፋቸው። ለበሩ ቅርብ የሆነው ወንበር ተይዞላቸው ነበር። ሽንት ቤቱም ከበሩ አካባቢ ነው፣ ጠባብ ቢሆንም።

መመለሻው ላይ የተበላሸው

መመለሻው የተቀጠረው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። አብራሪዎቹ ለምን ጠዋት እንደመረጡ ነግረዋቸዋል፦ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የተራራው ነፋስም የሚነሳው እኩለ ቀን ሲቃረብ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓቱ መጣ። ቤተሰቡ ግን አልመጣም። ስንብቱ ተራዘመ፣ ፎቶው ተራዘመ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ስልካቸው አይነሳም። ማረፊያው ላይ የተሰባሰቡት ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። የሙሽራዋ ቤተሰብ የሰጣቸውን ሦስት ከባድ ካርቶን ስጦታም ይዘው መጡ፤ ካርቶኖቹ በመግለጫው ላይ የሉም።

አብራሪው ካርቶኖቹን መዝኖ አንዱን ብቻ ተቀበለ። ሌሎቹ በመኪና እንዲላኩ ተደረገ። ይህን እየተነጋገሩ ሳለ ነፋሱ ተነሳ። የነፋስ ጠቋሚው ከረጢት ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ተዘረጋ። በዚህ አጭር ማኮብኮቢያ እንዲህ በበረታ የጎን ነፋስ መነሳት አይቻልም። ጠበቁ። ምሽት ሲቃረብም ነፋሱ አልበረደም። መብራት ስለሌለ ከመሸ በኋላ መነሳት አይታሰብም። በማግስቱ ጠዋት ተነሱ፤ በረራው በሰላም ተጠናቀቀ። ሁለት ሰዎች ግን ከሥራ አንድ ቀን ቀሩ።

የሂሳቡ ክርክር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰቡ “የአየር ሁኔታ ነው፤ እኛ አንከፍልም” አለ። ኦፕሬተሩ ደግሞ “በ3 ሰዓት አየሩ ደህና ነበር” አለ። ውሉ እንዲህ ይላል፦ በመንገደኛ መዘግየት የሚመጣ የማደሪያና የተጨማሪ ቀን ወጪ የደንበኛው ነው። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑ ዝግጁ የሆነበትን ሰዓት መዝግበዋል። የሚከራከሩበት አልነበረም። ከድርድር በኋላ ቤተሰቡ የማደሪያውን ሙሉ፣ የተጨማሪውን ቀን ደግሞ ግማሽ ከፈለ። ግማሹ የተቀነሰው በመብት ሳይሆን በበጎ ፈቃድ ነው።

ለሌላ ቡድን የሚሆነው

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት መግለጫው ይዘጋጅ። ክብደት ያለበት፣ ሻንጣ ያለበት፣ ሰዓት ያለበት መግለጫ። አንድ ዓይነት ወረቀት ካልተላከ የሚመጣው ዋጋ አይነጻጸርም። ሻንጣም ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠንካራው ባዶ ቢሆን እንኳ ቦታ ይበላል።

የአውሮፕላኑ ዓይነት ሳይመረጥ ለመድረሻው በጣም ቅርብ የሆነው ማረፊያ ይፈለግ። እዚያ ምን ማረፍ እንደሚችል ኦፕሬተሩ በሂሳብ ያሳይ። ጄት ይሁን ፕሮፔለር የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ርቀቱ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነና ሁለቱም ማረፊያዎች ረጅም ማኮብኮቢያ ካላቸው ጄቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ የዚህን ቤተሰብ ምርጫ እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም።

ውሉ ላይ ትኩረት የሚሹ ነጥቦች አሉ። አውሮፕላኑ ቢበላሽ ምትክ ማን ያመጣል፣ በማንስ ሰርተፍኬት ስር ይበራል? የአየር ሁኔታ ሲያግድ ማን ይከፍላል? በክረምት በረዶ ማስወገጃ ካስፈለገ በዋጋው ውስጥ አለ? ብዙ ጊዜ የለም፤ ሂሳቡም በኋላ ነው የሚመጣው። የአብራሪዎቹ የሥራ ሰዓት ስንት ላይ ያልቃል? በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ ሁለት አብራሪዎች ባሉበት የቻርተር በረራ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 የበረራ ሰዓት በላይ እንዲመደብ አይፈቀድም። መዘግየት ሲከማች አየሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ አብራሪው “አበቃ” ሊል ይችላል፤ ሊልም ይገባል።

ቤተሰቡ አሁን ሌላ ጉዞ እያሰበ ነው። በአዲሱ መግለጫ ላይ አንድ መስመር ጨምረዋል፦ ከመመለሻው ሰዓት ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ሁሉንም ሰው ከያለበት የሚሰበስብ፣ ስሙ የተጻፈ አንድ ሰው። በዚያ ቦታ የሰፈረው የእህት ልጅየዋ ስም ነው።